ዐሥራ ዘጠነኛው ቤት

«ክዳኑን ነፋሱ ይዞት ቢሄድ ማታ፣
ጨረቃ ገባችልኝ በጣራዬ ፈንታ፤
ድስቴን ተሸክሞ ወንዙ ወረደብኝ፣
…»

አራተኛው ስንኝ የለም። ዶን ኤቫሪስቶ ኮያሶ ሦስቱን ይሉና አራተኛው ላይ ሲደርሱ በአፍንጫቸው ያዜሙታል፤ ህም፣ ህም፣ ህምም። እናታቸው የሰው ቡና እየለቀሙ ያንጎራጉሩት የነበረ ዘፈን ነው። ቃሉ ከስልሳ ዓመት መንገድ ላይ የቱ ጋ እንደወደቀ አያውቁም፤ ዜማው ግን እንደ ታማኝ ውሻ እስከ ዛሬ ይከተላቸዋል።

ያን ማለዳ ጓሮ ቆመው፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ በጣሳ እየቀዱ ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር። አውሎ ነፋስ ይመጣል በተባለ ቁጥር በእኛ ተራራ መጀመሪያ በውሃ የሚሞላው ማሽኑ ነው፤ ባልዲውና ድስቱ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ነፋሱ ካለፈ ሃምሳ ስምንት ቀን ሆኗል። መብራት ከሄደም ሃምሳ ስምንት ቀን። ማሽኑ ልብስ ማጠቡን ረስቶ የጓሮ ምንጭ ሆኖ ቀርቷል፤ የዶን ኤቫሪስቶ ባለቤት ኦቲሊያ ደግሞ ልብሱን እንደ ልጅነቷ ወንዝ ወርዳ በድንጋይ ላይ ታሻለች።

ድካም እንደ ነፋሱ እየጮኸ አይመጣም። ነፋሱ አንድ ሌሊት መጥቶ ጣራውን ነቀለ፣ ሙዙን አስተኛ፣ ሄደ። ድካሙ ግን ቆይቶ፣ በእግሩ ጫፍ ገባ። ውሃ ለመቅዳት ሲነሡ አብሮ ይነሣል፣ ለበረዶ ሲሰለፉ አብሮ ይሰለፋል፣ ማታ በጣራው ፈንታ በተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ሥር ሲተኙ መሀላቸው ገብቶ ይተኛል። በሃምሳ ስምንተኛው ቀን በተራራችን በሴሮ ላርጎ ከድካም ጋር ያልተጋባ ሰው አልነበረም።

«ቁርስ ቀርቧል!» አለች ኦቲሊያ ከውስጥ።

«አልበላም።»

«ዛሬም ያው ሆነ?»

«ዛሬ ሰው ሽቦ ላይ ይወጣል፣ ኦቲ።»

ኦቲሊያ ማንኪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። «ጡረታ ከወጣህ ስምንት ዓመትህ! ሽቦው እኮ ረስቶሃል። አንተ ነህ ያልረሳኸው።»

«ሽቦ ማንንም አይረሳም።»

«ጉልበትህስ? እሱም አልረሳህም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደርኩት እኔ ነኝ የሰማሁት።»

«እንግዲያ ጉልበቴን አብዪው» አሉና ቆባቸውን አጠለቁ። ከወንበሩ ላይ አንድ እፍኝ ቀይ ጨርቅ አነሡ፤ የኦቲሊያን አሮጌ ቀሚስ ትናንት ማታ በመቀስ ቀደው ያዘጋጁት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ቁራጭ። በተራራችን ላይ ያሉት ቤቶችም ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው።

«ያን ቀሚስ የሰርጋችን ማግስት ነበር የለበስኩት» አለች ኦቲሊያ ከኋላቸው።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማይበጠሰው።»

ከኦሮኮቪስ ከተማ የመጡት ሠራተኞች ሦስት ናቸው፤ አንድ መኪና አላቸው። ሴሮ ላርጎ የተሰጣት አንድ ቀን ብቻ ነው። ነገ ወደ ሌላ ተራራ ይሄዳሉ፤ የፖርቶ ሪኮ ተራሮች ማለቂያ የላቸውም፣ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ነው ያሉት። ዛሬ ካልተሳካ ተራው ተመልሶ የሚደርሰን ከገና ቀጥሎ ያለው የሦስቱ ነገሥታት በዓል ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም ከደረሰ። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው መኪናው የሚሻገረው ወንዙን ረግጦ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወንዙ በሩን ይዘጋል።

የሠራተኞቹ አለቃ ካንዲዶ ይባላል። ምሰሶ መውጣት ያስተማሩት ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው፤ ዛሬም ሲያያቸው ቆቡን ያወልቃል።

«እርስዎ ምሰሶ እንዲወጡ አልጠይቅም» አላቸው። «ቤቶቹን ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ እስከ ስድስት ሰዓት የወደቀውን ዛፍ እንቆርጣለን፣ ምሰሶ እናቆማለን። ከዚያ ዊልሰን ሽቦው ላይ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ተራራው ላይ አንድም ጄኔሬተር እንዳይሠራ፣ አንድም ብሬከር ክፍት እንዳይሆን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ጄኔሬተር ይገዛል። እያንዳንዱን ዕቃ በየራሱ ገመድ መሰካት ይታክተዋል። ስለዚህ ሁለቱም ጫፍ ሰኪ የሆነ ገመድ ይሠራና፣ አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን የቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰካዋል። ቤቱ በሙሉ ቦግ ይላል፤ ሰውየው ራሱን እንደ መሐንዲስ ያያል። ቤቱን ከውጭው ሽቦ የሚቆርጠውን ዋና ብሬከር ካልዘጋው ግን ኃይሉ ቤቱ ውስጥ አይቀመጥም። በቆጣሪው ወደ ኋላ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ገብቶ አንዱ ሺህ ይሆናል፣ ሞቷል በተባለው ሽቦ ላይ እየሮጠ ምሰሶው ጫፍ ያለውን ሰው ያገኘዋል። ሽቦው ሲለካ ባዶ ነው። ጄኔሬተሩ ግን ከተለካ ከአንድ ደቂቃ በኋላም ሊነሣ ይችላል።

ዶን ኤቫሪስቶ ከቤት ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ የሩፎ ሱቅ ነው። ጄኔሬተሩ ደጃፉ ላይ እንደ ታሰረ በሬ ያጓራል።

«ዶን ኤቫሪስቶ! ምነው ዛሬ ፊትዎ የቀረጥ ሰብሳቢ መሰለ?»

«አጥፋው።»

«ምኑን?»

«ይህን የምታስጮኸውን።»

«ይህን ካጠፋሁ ቢራዬ ይሞቃል። የሞቀ ቢራ የጠጣ ሰው ደግሞ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ሰው ይብሳል።»

«ሚስትህ ጥላህ ብትሄድ በስንት ቀንህ ታውቀዋለህ? አጥፋና ብሬከሩን አሳየኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ፤ አያምኑኝም?»

«አምንሃለሁ። ብሬከሩን አሳየኝ።»

ሩፎ እየሳቀ መራቸው። ዶን ኤቫሪስቶ እጀታውን በገዛ እጃቸው ዝቅ አደረጉ፣ ቀዩን ጨርቅ ሁለት ዙር አዞሩበት፣ ቋጠሩት። «የመኪናው ጡሩምባ ሦስት ጊዜ እስኪጮኽ ይህን ማንም አይፈታውም። ሚስትህም ብትሆን።» ሩፎ ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ ሊያቀርብላቸው ሞከረ፤ «ስመለስ» አሉት።

በእኛ ተራራ ከሰው ደጃፍ ባዶ አፍ መመለስ ነውር ነው። ሁለተኛው ቤት የተቀቀለ ሙዝ አወጣላቸው፤ «ስመለስ» አሉ። አምስተኛው ቤት ሾርባ፤ ስመለስ። ዘጠነኛው ቤት ያለችው ሴት ተቆጣች፤ «የእኔ ድስት ምን ይሸታል?» አለች። «መልካም ይሸታል፣ ልጄ፤ ክፋቱም እሱ ነው» ብለዋት ብሬከሯን አስረው ሄዱ።

አንድ ጄኔሬተር ዝም ባለ ቁጥር ተራራው ከጆሮው ጥጥ እየተነቀለለት ሄደ። በመጀመሪያ ወንዙ ተሰማ። ከዚያ የዶሮዎች ጭቅጭቅ። ከዚያ ከሸለቆው ማዶ የአንዲት ሴት ሳል፣ ከሳሉ ቀጥሎ «ውይ እናቴ» የሚል ትንፋሽ። ለሃምሳ ስምንት ቀን በጩኸት ተሸፍኖ የነበረ ድካም ሁሉ ገላውን ገልጦ ወጣ። ዶን ኤቫሪስቶ ቆም ብለው አዳመጡት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ልባቸው ይለሰልሳል። ከዚያ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ጨበጥ አድርገው ቀጠሉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ዐሥራ ስምንት ቤት ጨርሰው ወደ መኪናው ወረዱ። ኪሳቸው ውስጥ አንድ ቀይ ጨርቅ ቀርታለች።

ዊልሰን ወፍራሙን ቀበቶ ታጥቋል። ካንዲዶ ሰማዩን ያያል፤ ከምሥራቅ በኩል ጥቁር ዳመና እየተከመረ ነው።

«ጨረሱ?»

«ዐሥራ ስምንት።»

«የቀረው የማን ነው?»

«የዶኛ ሄኖቬቫ። ከላይ ጫፍ ላይ።»

«እሳቸውማ ጄኔሬተር የላቸውም» አለ ዊልሰን። «ስንመጣ ሱቅ የነበሩትን ሁሉ ጠይቀናል። በሻማ ነው የሚኖሩት አሉን።»

እውነት ነው፣ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናውቀው። የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት፣ ብቻቸውን፣ አንድ ሻማና አንዲት የእመቤታችን ሥዕል ይዘው።

ካንዲዶ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ዶን ኤቫሪስቶ፣ ሥራው ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሰባት ሰዓት ላይ ካልጀመርን ዝናቡ ይቀድመናል፣ ወንዙም አያሳልፈንም። ለእኔ ቃልዎ ይበቃኛል። ‹የላቸውም› ይበሉኝ፣ አሁኑኑ ይወጣል።»

ቃልዎ ይበቃኛል። ዶን ኤቫሪስቶ ይህን አረፍተ ነገር ያውቁታል።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ ነበር ይህን ሥራ የጀመሩት፤ አርባ ስድስት ዓመት ሠርተውበታል። የመጀመሪያዎቹን ምሰሶዎች በበሬ እያስጎተቱ ወደ ሴሮ ላርጎ ያወጡት እሳቸውና ጓደኛቸው ሲክስቶ ናቸው። መጀመሪያ አምፖል የበራው በዶኛ ሄኖቬቫ ቤት ነበር፤ ያኔ ሄኖቬቫ አራስ ነበሩ፤ አማታቸው ብርሃኑን አይተው «ጨርቅ አልብሱት፣ ለሕፃኑ ዓይን አይበጅም» አሉ። ያን ሕፃን ዶን ኤቫሪስቶ ክርስትና አነሡት፤ በዚያው ከሄኖቬቫ ጋር አበልጅ ሆኑ። ሲክስቶ በሠርግም በለቅሶም ግጥም የሚደረድር ሰው ነበር፤ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከታች የምታልፈውን ሴት ሁሉ በዜማ ያሞግስ ነበር።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ከሌላ አውሎ ነፋስ በኋላ፣ በሌላ ተራራ ላይ ዐሥራ ሁለት ቤቶች ነበሩ። ኤቫሪስቶ ዐሥራ አንዱን ጠየቁ። ዐሥራ አንደኛው ቤት ሩዝ ቀርቦ ነበር፤ ራባቸው፤ ተቀመጡ። ሲክስቶ ከታች ተጣራ፤ «ልውጣ ወይ?» ዐሥራ ሁለተኛው ቤት ጭር ያለ ነበር። «ንጹሕ ነው፣ ውጣ!» አሉ፣ አፋቸው ሙሉ ነበር። ሦስት ማንኪያ በልተው አራተኛውን ሲያነሡ ነው ድምፁን የሰሙት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሽቦ ላይ በሚወጣበት ቀን፣ ሰውየው እስኪወርድ ድረስ እህል በአፋቸው አይዞርም። የሥራ ጓደኞቻቸው ሲያሾፉባቸው ኖረዋል፤ «ቄሱ ጾም ያዙ» እያሉ።

«ዐሥራ ስምንት ዐሥራ ዘጠኝ አይደለም» አሉ ለካንዲዶ። «እወጣለሁ። ከእሳቸው ደጃፍ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ካያችሁ ጀምሩ። እስከ ሰባት ሰዓት ካላያችሁ መኪናችሁን አስነሡና ሂዱ።»

«በዚያ ጉልበት? አቀበቱን?»

«ጉልበቱ የእኔ ነው።»

«ሰዉስ ምን ይለናል? መብራት ሊመጣ ሲል ሄዳችሁ ቢለን?»

«እኔን ይበለኝ» አሉና መንገድ ጀመሩ።

አቀበቱ በደህና ቀን ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ነፋሱ የገነደሳቸው ዛፎች መንገዱ ላይ ተጋድመዋል፤ አንዱን ከላይ ይሻገሩታል፣ በአንዱ ሥር ይሾልካሉ። ከመንገዱ ዳርና ዳር የሙዙ ተክል ሁሉ ተኝቷል። ቆሞ የቀረው ጎደሬው ብቻ ነው፤ እሱም ሀብቱን ከመሬት በታች ስለሚያስቀምጥ ነፋስ አላገኘውም። መንገዱ እኩሌታ ላይ ድንጋይ ይዘው ቆሙ። ትንፋሻቸው ከደረታቸው የሚወጣ ሳይሆን ከሩቅ ቤት የሚመጣ ይመስላል። ተቀመጥ፣ አላቸው ድካሙ፤ ተቀመጥና ከዚሁ ነጭ መሐረብ አውለብልብ፤ ማን ያይሃል? ባልቴቷ ሻማ እንጂ ምን አላት? ቀዩዋን ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው አዩዋት። ጣል ቢያደርጓት ከወደቀው ቅጠል አትለይም። መልሰው ከተቷትና ቀጣዩን ግንድ ተሻገሩ።

ዶኛ ሄኖቬቫ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በማራገቢያ ዝንብ ያባርሩ ነበር።

«አንተ ኤቫሪስቶ! ልትሞት ነው ወይስ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?»

«ሁለቱንም፣ አበልጄ። የቱ እንደሚቀድም አላወቅኩም።»

«ብትሞት ከዚህ የሚያወርድህ የለም፣ ጓሮ ነው የምቀብርህ። ስንቴ ነግሬህ ነበር ያቺን ኦቲሊያ በበቅሎ ላኪው በላት ብዬ!»

«አበልጄ፣ ሠራተኞቹ ሽቦ ላይ ሊወጡ ነው። ጄኔሬተር አለዎት?»

ዶኛ ሄኖቬቫ ማራገቢያቸውን አቆሙ። «እኔ? ከየት አምጥቼ? ሻማዬና እመቤቴ ናቸው ያሉኝ።»

«ይማላሉ?»

«በባሌ አፈር!»

ዶን ኤቫሪስቶ ጎንበስ ብለው በበሩ አዩ። ጠረጴዛው ላይ የተቃጠለ ሻማ ቆሟል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ከጓሮም ምንም አይሰማም። እፎይ አሉ። ለሰባት ሰዓት ገና አሥር ደቂቃ ይቀራል። «እንግዲያ አንድ ነጭ አንሶላ ይስጡኝ።»

«መጀመሪያ አረፍ በል።»

«አልበላም።»

«ማን ብላ አለህ? ጠጣ ነው ያልኩህ። የፍሬ ጭማቂ እህል አይደለም፣ ቄሱንም ብትጠይቅ። ገና ዛሬ ጠዋት ነው የጨመቅኩት።» ወደ ጓዳ ገብተው ብርጭቆ ይዘው መጡ፤ አንሶላውንም በክንዳቸው።

ዶን ኤቫሪስቶ አንሶላውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ጉሮሯቸው ደርቆ ነበር፤ ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ቅዝቃዜው ከንፈራቸውን ነካ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጥርሳቸውን ቀጭ አደረገው።

ብርጭቆውን አውርደው አዩት። በቢጫው ጭማቂ ላይ ሁለት የበረዶ ድቡልቡሎች ጎን ለጎን ይንሳፈፋሉ።

በዚህ ተራራ ላይ ጄኔሬተር የሌለው ሰው ወንዝ ማዶ ሄዶ ለአራት ሰዓት ካልተሰለፈ በረዶ የለውም። ዶኛ ሄኖቬቫ ደግሞ ከነፋሱ ወዲህ ከበረንዳቸው አልወረዱም።

«አበልጄ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ይህን ያዘነበችልዎት እመቤታችን ናት?»

ባልቴቷ ወለሉን አዩ። የወለሉ ሣንቃ ላይ የሆነ ነገር የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር።

«የት ነው ያለው?»

«እባክህ እንዳትጮኽብኝ።»

«አልጮኽም። የት ነው?»

«የማዕበል ጎጆው ውስጥ» አሉ። የባላቸው አባት በጥንት ዘመን ለአውሎ ነፋስ ጊዜ መደበቂያ የሠሩት፣ ጣራው መሬት የሚነካ ዝቅተኛ ጎጆ ከጓሯቸው አለ። «በቡና ጆንያ ሸፍኜዋለሁ። ልጄ ነው ከፍሎሪዳ የላከልኝ፣ ያንተው የክርስትና ልጅ። ለማንም አትንገሪ አለኝ። ታች ሰፈር ሁለት ሰርቀው የለ? አሮጊት ብቻዋን… ሌላው ሲያስጮኽ ጠብቄ ነው የማስነሳው፣ ቀን ቀን፣ አንድ ሰዓት ብቻ። በሁሉም ጩኸት ውስጥ የእኔ አይለይም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ኤቫሪስቶ። አፌ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ነገር እንዲኖር ፈለግኩ። ይኸው ነው።»

«ግድግዳው ላይ በምን ሰኩት?»

«ሁለት ጫፍ ባለው ገመድ። ልጁ በስልክ እንዳስረዳኝ።»

«ብሬከሩስ?»

«ብሬከር ደግሞ ምንድን ነው?»

ዶን ኤቫሪስቶ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። «ዛሬም ሊያስነሡት ነበር?»

«አሁን፣ አንተ ባትመጣ ኖሮ። ዛሬ ተራራው ጭር ብሏል፣ ሁሉም ይሰማኛል፤ ግን ምስጢሬ ቢወጣም ይውጣ አልኩ። እነዚያ ልጆች ፀሐይ ላይ ናቸው። ሃምሳ ስምንት ቀን ጠብቀናቸው መጥተው፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ሳይጠጡ ቢሄዱ ተራራችን ምን ይባላል? በረዶ ልሠራላቸው ነበር።»

ዶን ኤቫሪስቶ የበረንዳውን ቋሚ ተደግፈው ቆሙ። ሲክስቶ ሲሞት ዐሥራ ሁለተኛው ቤት ውስጥ የነበረችውን ሴት አስታወሱ። እሷም ክፉ ሴት አልነበረችም። ጄኔሬተሯን ያስነሣችው ለሠራተኞቹ ውሃ ልታቀዘቅዝ ነበር፤ እየጮኸች፣ ፀጉሯን እየነጨች ነበር ያንን የነገረቻቸው፤ ማሰሮው በእጇ ነበር።

ይህን ለአበልጃቸው አልነገሯቸውም። «ብሬከሩ ያለው ከበሩ ጀርባ ነው» አሉ ብቻ። «እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ልጁ አራስ ቤት እያለ።»

ገቡ፤ እጀታውን ዝቅ አደረጉ፤ የመጨረሻዋን ቀይ ጨርቅ ሁለት ዙር አዙረው ቋጠሯት። ወደ ጓሮ ዞሩ፤ ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸው እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ ጎጆው ውስጥ ገቡ። ጆንያውን ገለጡ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቀሉት፤ ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥተው አንሶላውን ሰቀሉ።

ከታች፣ ከሩቅ፣ የመኪናው ጡሩምባ አንድ ጊዜ መለሰላቸው። ትንሽ ቆይቶ ጉንዳን የምታክል ሰው ምሰሶው ላይ ስትወጣ ታየች።

«አሁን ቁጭ በል» አሉ ዶኛ ሄኖቬቫ።

«እቆማለሁ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ቆሜ አያለሁ።»

ባልቴቷ ጓዳ ገብተው ጎደሬ መላጥ ጀመሩ፤ የጨው ዓሣውንም ዘፈዘፉት። ድስቱ በከሰሉ ላይ ፈላ። ከታች ያቺ ጉንዳን ከምሰሶ ወረደች፣ ሌላው ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። ዶን ኤቫሪስቶ በወጣች ቁጥር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ስትወርድ ይለቁታል። ክንዳቸው ላይ የተጠቀለለውን ገመድ ማውረድ ረስተውታል።

«ዋሸሁህ» አሉ ዶኛ ሄኖቬቫ ከጓዳ። «በባሌም አፈር ማልኩ።»

«ባልዎ እኔን ስንቴ ዋሽቶኛል፤ ቅር አይለውም።»

«አንተ ብትሆን ኖሮ ታወጣው ነበር? ምስጢሩን?»

«እኔ ብሆን ሩፎ ጋ ወርጄ ሞቃት ቢራ እጠጣ ነበር።»

ጓዳ ውስጥ ያለቀሱ ይሁን የሳቁ አልታወቀም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የመጀመሪያው ጠብታ የበረንዳው ሸራ ላይ ወደቀ። ወዲያው ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከታች ቀዩ ጨርቅ እየተፈታ አንድ አምፖል በራ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ዐሥር፣ ዐሥራ አራት። ሰዎች ድስት እየደበደቡ ወጡ፤ ጩኸቱ እንደ ውሃ አቀበቱን ወጣ። ዶኛ ሄኖቬቫ እጃቸውን በልብሳቸው እያበሱ መጥተው ጣራቸው ላይ የተንጠለጠለውን አምፖል ቀና ብለው አዩ። አምፖሉ ጨለማ ነው።

«ጨርቁን ስለቋጠርከው ይሆን?»

«እስቲ ይቆዩ።»

በእኛ ተራራ ስልክ ሲጠፋ ወሬ የሚወጣው በጉሮሮ ነው፤ አንዱ ቤት ለሚቀጥለው ይጮኻል። መልእክቱ እየተሰባበረ ከቤት ወደ ቤት መጣ። በመጨረሻ ከበታቻቸው ያለው ጎረቤት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ «የላይኞቹ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል! አዲስ እስኪመጣ! ከነገሥታቱ በኋላ!»

«እኛ ታች ነን ላይ?» አሉ ዶኛ ሄኖቬቫ፣ እያወቁት።

«ላይ ነን፣ አበልጄ። የእኔም ቤት ላይ ነው።»

«ኦቲሊያ ምን ትልሃለች?»

«ቀሚሴን በከንቱ ቀደድከው ትለኛለች።»

ዝናቡ በረታ። ዶን ኤቫሪስቶ አሁንም አልተቀመጡም። መኪናው ወደ ወንዙ ሲወርድ ዓይናቸውን አጥብበው ተከተሉት። ውሃው ጎማውን ሸፈነው፤ መኪናው ዘመም አለ፣ ቀና አለ፣ ማዶ ወጣ። ከኋላው ሁለት ሰዎች የዝናብ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከፊት የሚነዳው አንድ። ሦስት።

«አሁንስ ሽቦ ላይ ሰው አለ?» አሉ ዶኛ ሄኖቬቫ።

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቆጥሬአቸዋለሁ።»

ዶኛ ሄኖቬቫ ገመዱን ከክንዳቸው ላይ ፈትተው ወሰዱት፤ ክንዳቸው ላይ ቀይ ቀለበት ተክሎ ነበር። ሳሕኑን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ጎደሬ፣ የጨው ዓሣ፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርትና ዘይት። ለሠራተኞቹ የታሰበው ጭማቂም አጠገቡ ቆሟል።

«በርዷል» አሉ።

«ይሁን።»

ዶን ኤቫሪስቶ ቆባቸውን አወለቁ። ወንበሩን ሳብ አደረጉ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው አጠፉት፤ ተቀመጡ። ጎደሬውን በሹካ ቆርሰው ዘይቱ ውስጥ ነከሩት፤ ለጥቂት ጊዜ አዩት፤ ከዚያ በሉ።